«ወደ መስመር መመለስ»፦ ከውፍረት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ተመልሶ ስለሚመጣ ክብደት የሚሰጥ ምክር ሲመረመር

ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በስፋት በሚሰጥባቸው አገሮች፣ ከሁሉም ይልቅ በአሜሪካ፣ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ ያደገ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ። አንዳንዴ በክሊኒክ የሚታደል ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት፣ አንዳንዴም ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነው። የሚጻፍለትም ሰው የታወቀ ነው፤ ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በፊት ጨጓራውን አስጠብቦ ብዙ ኪሎ የቀነሰ፣ ልብሱን ሁሉ የለወጠ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መቁጠር የጀመረበት ሰው ነው። የጽሑፉም ርእስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወደ መስመር መመለስ»።

የእነዚህ ጽሑፎች አወቃቀር እምብዛም አይለያይም። በመጀመሪያ አንባቢው ጥፋቱን እንዲቆጥር ይጠየቃል። ጣፋጭ መጠጥ ጀምሮ እንደሆነ፣ በምግብ ሰዓት መካከል ሲቆነጥር ይውል እንደሆነ፣ ቫይታሚኑን ትቶ፣ ቀጠሮውንም አሳልፎ እንደሆነ ራሱን ይመረምራል። ቀጥሎ የጥቂት ቀናት ጥብቅ አመጋገብ ይታዘዝለታል። ይህን የፈጸመም «እንደ አዲስ» እንደሚጀምር ተስፋ ይሰጠዋል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ቅርጽ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል፤ ኑዛዜ፣ ቀኖና፣ ሥርየት ነው። ሥርዓቱ በቦታው ክቡር ነው። የተቆረጠና የተሰፋ ጨጓራ ይዞ ለሚኖር ሰው እንደ ሕክምና መመሪያ ሲቀርብ ግን ሁለት ነገሮችን ይደብቃል፤ አንደኛው የክብደት መመለስ በአመዛኙ የሚጠበቅ የሰውነት ሂደት መሆኑን ሲሆን፣ ሁለተኛው በምርመራ ተለይተው ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች መኖራቸውን ነው።

«መስመር» የሚለው ምሳሌ ራሱ መፈተሽ ይኖርበታል። ከመስመር የወጣ ሰው አለ ለማለት አስቀድሞ መስመሩ ወዴት እንደሚያመራ መታወቅ አለበት። በዚህ ረገድ ማስረጃው አሻሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና 2010 ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች 2037 ካልተደረገላቸው ጋር እያነጻጸረ የተከታተለው የስዊድን ጥናት በ2007 እንዳሳየው፣ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደታቸው በአማካይ 32 በመቶ ቀንሰው ነበር። በ10ኛው ዓመት ግን ቅናሹ 25 በመቶ ሆኗል። ጨጓራን በስፌት የማጥበብ የቀድሞው ዘዴ ከ25 ወደ 16፣ በቀለበት የማሰር ዘዴ ደግሞ ከ20 ወደ 14 በመቶ ወርዷል። በአሜሪካ በዩታ ግዛት የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ነው፤ ባይፓስ የተደረገላቸው በ2ኛው ዓመት በአማካይ 45 ኪሎ ግራም፣ በ6ኛው 36.3፣ በ12ኛው 35 ኪሎ ግራም ቀንሰው ተገኝተዋል። እንግዲህ መስመሩ ራሱ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ወደ ላይ ያቀናል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይረጋል። የምክር ጽሑፉ ከሐዲድ እንደወጣ የሚቈጥረው ሰው ብዙውን ጊዜ በሐዲዱ ላይ እየተጓዘ ያለ መንገደኛ ነው።

ይህ ማለት የተመለሰው ክብደት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በዚያው በዩታ ጥናት በ2ኛው ዓመት ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ነጻ ሆነው የተገኙት 75 በመቶ ሲሆኑ፣ በ6ኛው 62፣ በ12ኛው 51 በመቶ ሆነዋል። የክብደት መመለስ ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከደም ቅባት መባባስ፣ ከአካላዊ ኑሮም ጥራት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። በሌላ በኩል ደግሞ በስዊድኑ ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የሞት መጠን፣ ልዩ ልዩ ነገሮች ከግምት ገብተው ሲሰላ፣ ካልተደረገላቸው በ29 በመቶ ያነሰ ነበር፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ክብደት የተመለሰባቸውም ይቈጠራሉ። ከ45 ኪሎ ዘጠኙ የተመለሰበት ሰው 36 ኪሎ እንደቀነሰ ነው የሚኖረው። የምክር ጽሑፉ ግን ስለ ዘጠኙ ሲናገር ስለ 36ቱ ዝም ይላል።

በዚህ ላይ «ተመለሰ» የሚባለው ምን ያህል ሲመለስ ነው የሚለው ጥያቄ በሙያው ጽሑፍ ውስጥም ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል የወጣ፣ ባይፓስ የተደረገላቸውን ከ1400 በላይ ሰዎች የተከታተለ ጥናት ጉዳዩን በግልጽ አሳይቷል። ክብደታቸው እጅግ ዝቅ ካለበት ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ መለኪያው የክብደትና የቁመት ንጽጽር አምስት ነጥብ መጨመር ሲሆን ክብደት የተመለሰባቸው 43.6 በመቶ ናቸው። መለኪያው ከዝቅተኛው ክብደት 15 በመቶ መጨመር ሲሆን 50.2 በመቶ፣ ከተቀነሰው ክብደት አንድ አምስተኛው መመለስ ሲሆን ደግሞ 67.3 በመቶ ይሆናሉ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሚዛኑም ያው ነው። የተለወጠው ፍቺው ብቻ ሆኖ ሳለ «ያልተሳካለት» የሚባለው ሰው ቊጥር ከግማሽ በታች ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ይላል። በክሊኒክ ወረቀት ላይ ያለ ምንም መግለጫ የሚጻፍ መቶኛ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ክብደት ለምን እንደሚመለስ ሲጠየቅ የምክር ጽሑፎቹ መልስ አጭር ነው፤ ልማድ ይላሉ። የሰውነት ሥራ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በአሥር ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ ክብደት የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞን የሆነው ግሬሊን ከፍ ብሎ፣ ሌፕቲን ዝቅ ብሎ፣ የረሃብ ስሜትም በርትቶ እንደቆየ አሳይቷል። ሰውነት የጠፋበትን ስብ እንደ ዕዳ ይቈጥራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዶ ሕክምናው ኃይለኛ የሚሆነውም ይህን መከላከያ በከፊል ስለሚያከሽፍ ነው፤ ከባይፓስ በኋላ ከአንጀት የሚወጡ የጥጋብ ሆርሞኖች ከምግብ በኋላ ይጨምራሉ፣ የጨጓራውን ሰፊ ክፍል ቆርጦ በሚያስወግደው በስሊቭ ደግሞ ግሬሊን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ማክሸፉ ሙሉ አይደለም። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 80 ኪሎ ሲሆን በየቀኑ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል፤ በፊት ክብደቱን ጠብቆ ያኖረው የነበረ ምግብ አሁን ይተርፈዋል። ለውፍረት የሚሰጠው ሴማግሉታይድ የተባለ መርፌ የተቋረጠባቸው ሰዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው እንደተመለሰባቸው በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መርፌው ሲቆም ክብደት ሲመለስ ማንም «መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራ ነበር» ይላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ሲመለስ ግን ጣት የሚቀሰረው በታካሚው ላይ ነው።

ከእነዚህ ምክሮች መካከል በጣም የተሠራጨው፣ ለትችትም ይበልጥ የሚጋብዘው፣ በተለምዶ «የአምስት ቀን የከረጢት ፈተና» የሚባለው ነው። ከባይፓስ በኋላ የሚቀረው የላይኛው የጨጓራ ክፍል ሲሠራ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ነው። ምክሩ ይህ ከረጢት እንደሰፋ፣ በአምስት ቀንም ሊጠብ እንደሚችል በውስጠ ታዋቂነት ያስተምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፈሳሽ ብቻ፣ በሦስተኛው ለስላሳ ፕሮቲን፣ በአራተኛው ጠንከር ያለ፣ በአምስተኛው ደረቅ ፕሮቲን ይበላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የነበሩትን የመጀመሪያ ሳምንታት በአምስት ቀን አሳጥሮ ማስደገም ነው። የሐሳቡ ማራኪነት አያጠራጥርም፤ ሰውየውን ብዙ ወደቀነሰበት፣ ተስፋው ትኩስ ወደነበረበት ጊዜ ይመልሰዋልና።

ነገር ግን የጨጓራ ግድግዳ ሕያው ሥጋ ነው፤ ለሁለት ቀን ሾርባ ስለተጠጣ አይጠብም። በነዚያ ቀናት ሚዛኑ የሚወርደው በአብዛኛው ከጉበትና ከጡንቻ ከሚወጣው የስኳር ክምችት፣ ከእርሱም ጋር ከሚወጣው ውኃ የተነሣ ነው። በስድስተኛው ቀን እንጀራ ሲበላ ውኃው ይመለሳል፤ ሰውየውም ይህንኑ እንደ አዲስ ውድቀት ይመዘግበዋል። ምክሩ በራሱ ውስጥም ይጋጫል። ትንሹ ከረጢት የሚያጠግበው ደረቅ ምግብ ሲይዝ ነው፤ ፈሳሽ ፈጥኖ ያልፋል። ከባይፓስ በኋላ ታካሚዎች ምግብና መጠጥ እንዳያዋህዱ የሚመከሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከረጢቱ «ይሠራ እንደሆነ» ለመፈተን ሁለት ቀን ፈሳሽ መስጠት፣ ወንፊት ያፈስስ እንደሆነ ለማወቅ ውኃ እንደማፍሰስ ያለ ነው።

የምክሩ ከባድ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ክብደት የተመለሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ ቫይታሚኑንም ያቆመ ሰው ነው፤ የምክር ጽሑፎቹ ራሳቸው ይህን በጥፋቶቹ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡታል። የታያሚን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ1፣ ክምችት ካልተተካ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። እንዲህ ያለ ሰው «ፈተናውን» በአምስት ቀን ከማብቃት ይልቅ ወደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢያራዝመው፣ በዚያም ላይ ማስመለስ ቢጨመርበት፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ የአረማመድ መንገዳገድና የአእምሮ መደናገር የሚያስከትለው የቬርኒኬ ሕመም ሊደርስበት ይችላል። ሦስቱም ምልክቶች ተሟልተው እስኪታዩ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ዘግይቶ የታከመ ሰው የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላልና። በምክር ወረቀቶቹ ላይ «የሚያስመልስህ ከሆነ ይህን አትሞክር፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂድ» የሚል ዓረፍተ ነገር በጉልህ ሊጻፍ ሲገባው፣ ብዙውን ቦታ የያዙት የሾርባ አሠራሮች ናቸው።

የኑዛዜው ቅርጽ ምርመራን እንዴት እንደሚያሳስት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የጣፋጭ ነገር ጉዳይ ነው። «ጣፋጭ መልመድ» በሁሉም ዝርዝሮች ላይ ከላይ የሚቀመጥ ጥፋት ነው። ከባይፓስ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ምግብ ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የደም ስኳር ከመጠን በላይ የሚወርድበት ሕመም ይታያል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 በስድስት ታካሚዎች ላይ ያዩትን በኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል ካሳተሙ ወዲህ ሕመሙ በሚገባ ታውቋል። ምግቡ ከትንሹ ከረጢት በፍጥነት ወደ አንጀት ይገባል፤ የደም ስኳር ይተኰሳል፤ ኢንሱሊንም ከመጠን በላይ ይመነጫል፤ ስኳሩ ደግሞ ይወርዳል። ሰውየው ላብ ያሰምጠዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይደርሳል፤ ከረሜላ ሲቀምስ ይሻለዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያ ከረሜላ ራሱ ሌላ መውረድ ያመጣል። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ እንዲህ የሚሆን ሰው ክብደቱ መጨመሩ አይቀርም። ይህ ሰው የምክር ወረቀቱን ሲያነብ የሚያገኘው «ጣፋጭ መልመድ» የሚለውን ክስ ነው፤ ክሱንም ያምናል፤ በደለኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ ስለ ላቡና ስለ መንቀጥቀጡ ለሐኪም አይናገርም። ሕክምናው ግን አለ፤ የሚጀምረውም ካርቦሃይድሬትን በመመጠንና ከፕሮቲን ጋር አቀናጅቶ በመብላት ነው። ምክር ጽሑፉና ሕክምናው የሚያዝዙት ምግብ ተቀራራቢ መሆኑ የሚገርም ነው፤ አንዱ በቅጣት ስም፣ ሌላው በመድኃኒት ስም ያዝዙታል። ልዩነቱ ሰውየው በየትኛው በኩል ታያሚንና የደም ምርመራ እንደሚያገኝ ላይ ነው።

ሌሎችም ሳይጠየቁ የሚያልፉ ነገሮች አሉ። ከረጢቱ ከተተወው የጨጓራ ክፍል ጋር በፊስቱላ ተገናኝቶ እንደሆነ፣ ከረጢቱን ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ ሰፍቶ እንደሆነ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ ወይም በራጅ እንጂ በራስ ምርመራ አይደለም። ኢንሱሊን፣ ኮርቲዞን፣ ቫልፕሮዬት፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ፤ ታካሚው ጥፋቱን ሲቈጥር ሐኪሙ የመድኃኒት ዝርዝሩን ሊቈጥር ይገባዋል። የመጠጥም ነገር አለ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ በአሜሪካ የተደረገ ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስታወቀው፣ የአልኮል ችግር ያለባቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት 7.6 በመቶ ሲሆኑ በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ ደርሰዋል። ይህ በወረቀቶቹ ላይ «መጠጥ ካሎሪ አለው» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል።

የእነዚህ ጽሑፎች መልካም ጎን መካድ የለበትም። ፕሮቲንን አስቀድሞ መብላት፣ በጣፋጭ መጠጥ ፈንታ ውኃን መምረጥ፣ ቀኑን ሙሉ ከመቆንጠር በሰዓት መብላት፣ የተበላውን መመዝገብ፣ በየጊዜው መመዘን፣ ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ከዚያም በላይ ጽሑፎቹ በራሳቸው በታካሚዎች፣ ለታካሚዎች በመጻፋቸው ከሙያው ጽሑፍ የማይገኝ ሙቀት አላቸው። ሰውየው በሦስተኛው ዓመት ክሊኒኩን ሲተው፣ ክሊኒኩም እርሱን ሲረሳው፣ ያናገሩት እነርሱ ናቸው። ትችቱ በከፊል ለሙያው የሚመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሐኪሙ ባዶ በተወው ቦታ ነው የአምስት ቀን ፈተና የበቀለው።

የሙያው ጽሑፍ ቋንቋም ከተወቃሽነት አያመልጥም። ለብዙ ዓመታት ክብደት የተመለሰበት ሰው በጆርናሎች ላይ «ውድቀት» በሚል ርእስ ሲመዘገብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም አቀፉ የውፍረት ቀዶ ሕክምና ፌዴሬሽን ያወጣው የስምምነት ሰነድ ይህን ቃል ትቶ፣ ከተቀነሰው ክብደት ከ30 በመቶ በላይ ሲመለስ ወይም ከውፍረት ጋር የተያያዘ በሽታ ሲባባስ «ዘግይቶ የመጣ የጤና መባባስ» እንዲባል አድርጓል። የቃሉ መለወጥ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ለደም ግፊት መድኃኒት ወስዶ ግፊቱ ከዓመታት በኋላ የጨመረበትን ሰው «ወደቀ» የሚል ሐኪም የለም፤ መጠን ይጨምራል ወይም ሌላ መድኃኒት ይደርባል።

መደረብ የሚቻለው ነገርም አለ፤ መጠኑ ግን ሳይጋነን ሊነገር ይገባል። በለንደን ከቀዶ ሕክምና በኋላ አጥጋቢ ቅናሽ ያላገኙ 70 ሰዎች በዕጣ ተመድበው ሊራግሉታይድ ወይም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሲሰጣቸው፣ በ24 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የወሰዱት 8.8፣ ያልወሰዱት 0.5 በመቶ እንደቀነሱ በ2023 ታትሟል። የሰፋውን ቀዳዳ በኢንዶስኮፒ ሰፍቶ ማጥበብ በ2013 በታተመ፣ 77 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በስድስት ወር 3.5 በመቶ ቅናሽ አስገኝቷል፤ የይስሙላ ሂደት በተደረገላቸው ላይ ቅናሹ 0.4 በመቶ ነበር። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ትንሽም ነው። ቀዳዳው ጠብቦ ክብደቱ ብዙም አለመቀነሱ፣ ነገሩ ሁሉ የከረጢት ስፋት ነው የሚለውን እምነት ይሸረሽራል። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና የበለጠ ሊቀንስ ይችላል፤ አደጋውም ከመጀመሪያው የበለጠ ነው።

ይህ ምክር ወደ አማርኛ ሲተረጐም፣ ወይም በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ በቃል ሲነገር፣ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ምክሩ ሰውየው ብቻውን፣ ከራሱ ሳህን፣ መዝኖ እንደሚበላ ያስባል። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ግን የበላውን መጠን አያውቅም። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋለትን ጉርሻ መመለስም ከከረጢት ስፋት ጋር የማይገናኝ፣ ከአክብሮት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። በራሱ ትንሽ ሳህን እንዲቀርብለት ለቤተ ሰቡ የሚያስረዳለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህን ማስረዳት ደግሞ የታካሚው ብቻ ሥራ ሊሆን አይገባም።

ቃሉም ይገለበጣል። በአማርኛ «ከሳህ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የኀዘኔታ ጥያቄ ነው፤ «ምን ነካህ?» ይከተለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሠላሳና አርባ ኪሎ የቀነሰ ሰው ቤተ ዘመዱን ሲያስደነግጥ ይከርማል፤ በሦስተኛው ዓመት ክብደት ሲመለስበት «አሁን አማረብህ» ይባላል። ክሊኒኩ የሚወቅስበትና ዘመድ የሚያመሰግንበት ጊዜ አንድ ይሆናል። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ አማርኛ የሚናገር ሐኪም ግን ሊጠይቅ ይችላል።

ጾም ደግሞ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። የባለሙያዎች መመሪያ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲበላ ያዝዛል። አንድ መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር የሚይዘው ዘጠኝ ግራም ያህል ነው። ስድሳውን ከምስር ብቻ ለማግኘት 670 ግራም ገደማ መብላት ያሻል፤ ይህም በትንሽ ከረጢት በአንድና በሁለት ማዕድ የሚቻል አይደለም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የቀረችው ሰዓት አጭር ናት፤ ያም ሆኖ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይበላም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በጥራጥሬ ውስጥ የለም። በረመዳን የሚጾም ሰውም ምግቡን በሌሊት ሰዓታት ማጨቅ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ጾምን የሚከለክል ሳይሆን አስቀድሞ የሚታሰብበት ነገር ነው፤ የአኩሪ አተርና የሌላ ጥራጥሬ የፕሮቲን ዱቄት፣ የማይቋረጥ ቢ12፣ ለሕመምተኛ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚላላ ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። አደጋው የሚበረታው ታካሚው «መስመሩን» በጾም ሊያስተካክል ሲነሣ ነው፤ የምክር ወረቀቱ የሁለት ቀን ፈሳሽ ከረጅም ጾም ጋር ሲገጥም ሁለቱ ቀኖናዎች ይደራረባሉ፤ ከውጭ ለሚያየውም ሰው የሚታየው ብርታት እንጂ የቫይታሚን እጥረት አይሆንም።

በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ይህን ሕክምና በየቀኑ ለማያይ ሐኪም ነው። ለዚህ ሐኪም ከየትኛውም የአመጋገብ ወረቀት የሚጠቅመው የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት ነው፤ ባይፓስ ነው ወይስ ስሊቭ? መቼ ተደረገ? ከዚያ በኋላ መጠየቅ ያለበት ስለ ማስመለስ፣ ከምግብ በኋላ ስለሚመጣ ላብና መንቀጥቀጥ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሐዘንና ስለ እንቅልፍ ነው። የደም ማነስ፣ የብረት፣ የቢ12፣ የቫይታሚን ዲ ምርመራ ይከተላል። ሲያስመልሰው ሰንብቶ ደክሞ ለመጣ ታካሚ ደግሞ በተለምዶ እንደሚደረገው ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ታያሚን በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ምን ያህል ኪሎ እንደተመለሰበት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።